የቶንግቫ አዛውንት ትምህርት ቤት ሲመጡ ምን እናዘጋጅ? የባሉጥ ፍሬ፣ ስፌት፣ ቋንቋ

ሂሩት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የጓሮ አትክልት ፕሮግራም አስተባብራለሁ። ኦክቶበር መጨረሻ ላይ የሎስ አንጀለስ አካባቢ ነባር ሕዝብ ከሆኑት ከቶንግቫዎች አንዲት አዛውንት መጥተው የ4ኛ ክፍል ልጆችን ሊያስተምሩልን ነው። ሁለት ክፍል፣ ወደ 50 ልጅ። የባሉጥ (ኦክ የሚሉት ዛፍ) ፍሬ ምግብ ሊያሳዩ፣ ስፌት ሊያስጀምሩ፣ ጥቂት ቃላትም ሊያስተምሩ አስበዋል። ፍሬውንና ቦታውን እናንተ አዘጋጁ ብለውናል።

ፍሬው ከዛፍ ወርዶ እስኪበላ ድረስ ምን ምን ይደረግበታል? በአንድ ሰዓት 50 ልጅ ስፌት መጀመር ይችላል ወይ? ቋንቋው በእሱ አፉን የፈታ ሰው ዛሬ የለውም ይባላል፤ ታዲያ እንዴት ይማሩታል? ለወላጆች በምንበትነው አንድ ገጽ ላይስ ስለ እሳቸው ሥራ ምን ልጻፍ? ስለ ክፍያም የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

ሙቀጫ

እህቴ፣ መጀመሪያ ቀኑን አስቢበት። በሎስ አንጀለስ አካባቢ የሚበዛው የባሕር ዳር ባሉጥ ፍሬውን የሚያረግፈው በመከር ወራት፣ በተለይ ኦክቶበርና ኖቬምበር ላይ ነው። ከተለቀመ በኋላ ለመድረቅ ሳምንታት ይፈልጋል፤ ድሮ በጎተራ ከዓመት ዓመት ይቆይ ነበር። ስለዚህ የዘንድሮው ፍሬ ለዝግጅታችሁ አይደርስም። አዛውንቷ የአምና ደረቅ ፍሬ ወይም የተወቀጠ ዱቄት እንዳላቸው አሁኑኑ ጠይቂ። ልጆቹ የዘንድሮውን ይልቀሙና ያድርቁ፣ የሚበስለው ግን የአምናው ይሁን።

ሲለቀም በወቅቱ መጀመሪያ የሚረግፈውን ተዪው፣ አብዛኛው ነቀዝ የገባበት ነው። ክብ ቀዳዳ ካየሽ ትሉ በልቶ ወጥቷል ማለት ነው። ቀዳዳ የሌለው ሁሉ ግን ጤነኛ አይደለም፤ ትሉ ገና ውስጥ ሊሆን ይችላል። ቆቡ ተጣብቆ አልላቀቅ ያለውንም አትመኚው። ጥሩው ከበድ ይላል፣ ቡናማ ነው፣ ቆቡ በጣት ሲነካ ይወልቃል። በዚያው ዕለት ባልዲ ውሃ ውስጥ ጨምሪው፣ የተንሳፈፈውን ጣዪ። ይህ ፈተና የሚሠራው ለትኩስ ፍሬ ብቻ ነው፤ ከደረቀ በኋላ ደህናውም ስለሚንሳፈፍ ብዙ ሰው ጥሩ ፍሬ ይጥላል።

ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አታሳድሪው፣ አልቦ ይሻግታል። በሽቦ ወንፊት ላይ ሳትደራርቢ ዘርጊው፣ ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ፣ በየቀኑ እያገላበጥሽ። ከላይም ወንፊት ድፊበት፤ ሽኮኮዎቹ በአንድ ቀን ይጨርሱታል። ስትነቀንቂው ፍሬው ቅርፊቱ ውስጥ ሲንኳኳ ደርቋል።

ከዚያ ቅርፊቱን በድንጋይ ሰብሮ ማውጣት ነው። ውስጡ ክሬም ወይም ፈዘዝ ያለ ቢጫ ይሁን፤ የጠቆረና ዱቄት የሆነው ይጣላል። በላዩ ያለው ቀጭን ቡናማ ልጣጭ ራሱ መራራ ነው። የባሕር ዳሩ ባሉጥ ልጣጭ ይጣበቃል፣ በደንብ ሲደርቅ እያሹ ማንፈስ ያስፈልጋል። ከተራራ የሚመጣው ጥቁር ባሉጥ በብዙ ቦታ የሚመረጠው ለዚህም ጭምር ነው፣ ይቀላል።

ወቅጠሽ በጥሩ ወንፊት ንፊው። እዚህ ላይ መስነፍ አያዋጣም። ሻካራ ፍንካች ከተረፈ ውሃው መሃሉ ስለማይደርስ፣ ዱቄቱ ጣፍጦ ፍንካቹ መራራ ሆኖ ይቀራል። በኤሌክትሪክ መፍጫ ከሆነ ትንሽ ትንሽ እያደረግሽ፣ እያቆምሽ ፍጪ፤ ፍሬው ቅባት ስላለው ይጣበቃል።

ቀጥሎ ታኒኑን፣ ማለትም ምሬት የሚሰጠውን ነገር፣ ማጠብ ነው። ድሮ በአሸዋ ላይ በተሠራ ጎድጓዳ ላይ ውሃ እያፈሰሱ ያጥቡታል። ለትምህርት ቤት በጨርቅ በተሸፈነ ማጥለያ ላይ ዱቄቱን 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አድርገሽ ቀዝቃዛ ውሃ በእጅሽ ላይ እያሳለፍሽ ቀስ ብለሽ አፍስሺ፤ ከላይ በቀጥታ ካፈሰስሽው ጉድጓድ ይቆፍርና ውሃው በዚያ ብቻ ያልፋል። ሌላው መንገድ ማሰሮ ነው፦ 1 እጅ ዱቄት ለ3 እጅ ውሃ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ሲዘቅጥ ላዩን ደፍቶ በቀን ሁለቴ መቀየር። ከሦስት ቀን እስከ ሳምንት ይፈጃል። ከማቀዝቀዣ ውጭ በሙቀት ከተቀመጠ ይቦካል። በፈላ ውሃ ማጠብ ፈጣን ነው፣ ግን የሚያያይዘውን ስታርች አብሮ ይወስደዋልና ገንፎው አይረጋም። ምሬቱ መውጣቱን የሚወስነው ሰዓት ሳይሆን ምላስ ነው፤ ከጉሮሮሽ ኋላ የሚያኮማትር ነገር ከቀረ ገና ነው።

ለ50 ልጅ አንዳንድ ማንኪያ ለማቅመስ ግማሽ ኪሎ ያህል ደረቅ ዱቄት ይበቃል። ከ1.5 እስከ 2 ሊትር ውሃ፣ በዝግታ እሳት፣ ሳያቋርጡ እያማሰሉ። ሲቀዘቅዝ ይረጋል። የብረት ድስት አትጠቀሚ፤ ታኒን ብረት ሲነካ ይጠቁራል። ዊዊሽ የሚባለው ይሄ ነው፤ ጨውም ስኳርም የለውም፣ ጣዕሙ ለስለስ ያለ ስለሆነ ልጆች "ምንም አይልም" ሊሉ ይችላሉ፣ አትደንግጪ።

አዛውንቷ በጋለ ድንጋይ ማፍላት ማሳየት ከፈለጉ ድንጋዩን ራሳቸው ያምጡት። ከወንዝ የተለቀመ እርጥብ ድንጋይ እሳት ውስጥ ሊፈነዳ ይችላል። በቀድሞ ጊዜ ከካታሊና ደሴት የሚወጣው የሳሙና ድንጋይ ለድስትነት የተመረጠው ግለትን ሳይሰነጠቅ ስለሚችል ነው።

ወስፌ

በአንድ ሰዓት 50 ልጅ ስፌት አይጀምርም። አንድ ጎልማሳ እንኳ የመጀመሪያዋን እንብርት ለማዞር ከሰዓት በላይ ሊፈጅበት ይችላል፤ እንብርቷ ከላላች የቀረው ሁሉ ጠማማ ይሆናል። አዛውንቷን ስለዚህ ተነጋገሪያቸው፤ ብዙዎቹ ልጆችን የሚያስጀምሩት ገመድ በመግመድ ነው፣ ይሄ ግን በ20 ደቂቃ ይያዛል።

ገመዱ ከዶግቤን፣ ከሚልክዊድ ወይም ከዩካ ቃጫ ይሠራል። ሁለት ነዶ ይያዝና እያንዳንዱ ለብቻው ወደ አንድ አቅጣጫ ይጠመዘዛል፣ ከዚያ ሁለቱ አንድ ላይ ወደ ተቃራኒው ይገመዳሉ። ሁለቱንም ወደ አንድ አቅጣጫ ያዞረ ልጅ እጁን ሲለቅ ገመዱ ይፈታበታል፤ ከአስር ልጅ ሰባቱ መጀመሪያ የሚሠሩት ይህንኑ ነው ብለሽ ጠብቂ። ሁለቱ ነዶ እኩል ርዝመት አይኑረው፣ አንዱ አጠር ይበል፤ አለዚያ መቀጠያዎቹ አንድ ቦታ ይገናኙና ገመዱ እዚያ ይበጠሳል። ቃጫው እርጥበት ይፈልጋልና የውሃ ሳህን በየጠረጴዛው አኑሪ።

ስፌቱ ራሱ እንዲህ ነው። መሃል የሚታሰረው የአጋዘን ሣር የሚሉት ረጅም አገዳ ነው፤ ዙሪያውን የሚጠመጠመው ጀንከስ ሲሆን በወስፌ እየተወጋ ይያያዛል። ጀንከስ ቅጠል የለሽ፣ እንደ እርሳስ ክብ ግንድ ያለው የውሃ ዳር ተክል ነው። የበሰለው ግንድ አንድ በአንድ ከሥሩ ይሳባል፣ ምክንያቱም ከታች ያለው ቀይ ቡናማ ክፍል ነው ጌጡን የሚሰጠው። ከላይ ከቆረጥሽው ያ ቀለም መሬት ውስጥ ይቀራል። ከአንድ ቁጥቋጦ ሁሉንም አያነሱም፣ ለጋው ይተዋል።

ግንዱ በጥፍርና በጥርስ ከጫፉ ተጀምሮ ለሦስት ይሰነጠቃል። አንዱ እጅ ሲቀጥን ወደ ወፈረው በኩል ሳይሆን ወደ ቀጠነው መሳብ የጀማሪ ስህተት ነው፤ ወደ ወፍራሙ ስትስቢ ስንጥቁ ወደ መሃል ይመለሳል። ከዚያ ይደርቃል። በእርጥቡ የተሰፋ ስፌት ሲደርቅ ይሸበሸብና በስፌቶቹ መካከል ቀዳዳ ይከፈታል። ሊሰፋ ሲል ደረቁን 20 ወይም 30 ደቂቃ መንከርና በእርጥብ ፎጣ መጠቅለል ይበቃል። ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ውስጥ ካደረ ቀለሙ ይበላሻል። ጥቁር አለላ ሲፈለግ ጀንከሱ ብረት ያለበት ጭቃ ውስጥ ይቀበራል ወይም በጥቁር ማቅለሚያ ይዘፈዘፋል።

አዛውንቷ ምናልባት አንድ የተጀመረ ስፌት ይዘው መጥተው እየሰፉ ልጆች ሦስት ሦስት ሆነው ቀርበው እንዲያዩ ያደርጋሉ። ያ ይሻላል። ወንበሩ መደገፊያ ይኑረው፣ ብርሃኑ ከትከሻቸው በኩል ይምጣ።

ሂሩት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው የውሃ መውረጃ ዳር ጀንከስ የሚመስል ብዙ አለ። እሱን ቆርጠን ብንጠብቃቸውስ?

ወስፌ

አደራ፣ አትንኩት። እንዲህ ያለ መውረጃ ዳር ብዙ ጊዜ የአረም መድኃኒት ይረጫል። ሰፊዎች ደግሞ ጀንከሱን በጥርሳቸው ይሰነጥቁታል፣ ሲሰፉም ክሩን አፋቸው ውስጥ ይይዙታል። መርዙ በቀጥታ ወደ ሆዳቸው ይሄዳል ማለት ነው። ለዚህ ነው አዛውንቶቹ ንጹሕ ቦታቸውን ለማንም በቀላሉ የማይናገሩት። የት እንደሚለቅሙ ልጆቹም እንዳይጠይቁ ንገሪያቸው። ቦታው ከታወቀ ነጭ ሴጅ የሚባለው መዓዛማ ተክል የደረሰበት ዕጣ ይደርሰዋል፤ ሴጁ ራንቾ ኩካሞንጋ አጠገብ ካለው የኖርዝ ኤቲዋንዳ ጥብቅ ስፍራ ለንግድ በጆንያ እየተሰረቀ ነው። በመንግሥት ፓርክ ውስጥ ለመልቀም ደግሞ ፈቃድ ያስፈልጋል። አንዲት አዛውንት ለአንድ ስፌት ከሚያጠፉት ጊዜ ብዙው መስፋት ሳይሆን ቦታ መፈለግ፣ ደብዳቤ መጻፍና መንዳት ነው።

እናንተ ልታግዙ የምትችሉት አንድ ነገር አለ፦ ጓሯችሁ ውስጥ ጀንከስና የአጋዘን ሣር ትከሉ፣ ምንም አትርጩበት። ጀንከስ ውሃና ጥላ ይወዳል። ለስፌት የሚሆን ርዝመት እስኪሰጥ ጥቂት ዓመት መታገሥ ነው።

ቃል ለቃሚ

ቋንቋውን በተመለከተ። አፋቸውን በቶንግቫ የፈቱት የመጨረሻዎቹ ሰዎች በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ ዐሥርት ዓመታት ነው ያለፉት። ዛሬ የሚማሩት ከወረቀት ነው። ዋናው ምንጭ ጆን ፒቦዲ ሃሪንግተን የሚባል ሰው ከእነዚያ ተናጋሪዎች እየጠየቀ የጻፈው ማስታወሻ ሲሆን በስሚዝሶኒያን ተቋም ይገኛል። ሌላው የሲ. ሃርት ሜሪያም የቃላት ዝርዝር ነው።

የሃሪንግተን ገጽ ቁጭ ብሎ የሚነበብ አይምሰልሽ። እንግሊዝኛና ስፓንኛ ከቶንግቫ ጋር በአንድ መስመር ተደባልቀው፣ በጥድፊያ እጅ ተጽፈዋል፤ አንዱ ቃል በሌላ ቀን በሌላ ፊደል ይመጣል። ስለዚህ አንድ ቃል ለማረጋገጥ ሁሉንም አጻጻፍ ጎን ለጎን አድርጎ እንደ ሰራኖ፣ ልዊሴኞና ካዊያ ካሉ ዘመድ ቋንቋዎች ጋር ማስተያየት ይጠይቃል። የቋንቋ ምሁሯ ፓሜላ ማንሮ ይህንን ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሠርታለች፤ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮም ሳን ፔድሮ ውስጥ ከቶንግቫ ሰዎች ጋር ወርኃዊ ትምህርት ታካሂድ ነበር።

ለክፍሉ ከስድስት ቃል በላይ አትጠብቂ። ሰላምታው "ሚይሃ" ነው። ቃላቱን በሰሌዳ ስትጽፉ አዛውንቷ የሰጧችሁን አጻጻፍ ፊደል በፊደል ገልብጡ። በላቲን ፊደል ሲጻፍ የተደረበው አናባቢ ረጅም ድምፅ ነው። በቃል መሃል ከፍ ብላ የምትሰፍረው እንደ ነጠላ ጥቅስ ያለች ጭረት (’) ደግሞ ጉሮሮ ሲዘጋ የሚሰማ ድምፅ ናት፤ ማተሚያ ቤት ስህተት መስሎት ያወልቃታል፣ ፓርክ ውስጥ የሚተከል ሰሌዳ ሳይቀር እንዲህ ይበላሻል። "ኽ"ን ለመጥራት የእኛ ልጆች አይቸገሩም።

ዘፈን ከዘፈኑ አትቅረጹ፣ መቅረጽ ይቻላል ካላሉ በቀር። አንዳንዱ ዘፈን የቤተሰብ ነው፣ አንዳንዱ ለሐዘን ብቻ የሚዘፈን ነው። ስልክ ያወጣ ወላጅ ካለ ቀድመሽ አንቺ ተናገሪ፣ እሳቸው ትምህርቱን አቋርጠው እንዲቆጡ አታድርጊ።

የወረቀት ሥራ

ለወላጆች ገጽ እኔ የምጽፈው ይህ ነው። ቶንግቫዎች የሎስ አንጀለስ ሸለቆና የደቡብ ቻናል ደሴቶች ሕዝብ ናቸው። ከተማዋ በ1781 እ.ኤ.አ. የተቆረቆረችው ያንጋ ከሚባል መንደራቸው ጎን ነው። በ1771 የተመሠረተው የሳን ጋብሪኤል ሚሲዮን በእነሱ ጉልበት ስለተገነባ ጋብሪየሌኞ ተባሉ። በ1785 ቶይፑሪና የተባለች ወጣት ሴት በሚሲዮኑ ላይ በተነሣው አመፅ ከመሪዎቹ አንዷ ነበረች፤ 4ኛ ክፍል ሚሲዮኖችን ስለሚማር ልጆቹ ስሟን ቢያውቁ ጥሩ ነው። የካሊፎርኒያ ግዛት በ1994 የሎስ አንጀለስ ሸለቆ ነባር ነገድ መሆናቸውን አውቋል፣ የፌዴራሉ መንግሥት ግን እስከ ዛሬ አላወቃቸውም። የተከለለ መሬትም የላቸውም። ደግሞ አደራ፣ ገጹ ላይ "ነበሩ" አትበዪ፣ "ናቸው" በዪ።

የፌዴራል ዕውቅና ማጣቱ በአዛውንቶች የዕለት ሥራ ላይ ይታያል። ለሥርዓት የሚሆን የንስር ላባ ከፌዴራሉ ማከማቻ ማግኘት የሚችሉት ዕውቅና ያላቸው ነገዶች አባላት ብቻ ናቸው። በ1990ው የፌዴራል ሕግ መሠረት ከሙዚየም የአባቶቻቸውን አጽም በራሳቸው ስም መጠየቅም ይከብዳቸዋል፤ የካሊፎርኒያ ሕግ ነው ትንሽ በር የከፈተላቸው።

ሰው የማያየው ሥራቸው ግን የግንባታ ጉዳይ ነው። በ2014 የወጣው ኤቢ 52 የተባለ የግዛቱ ሕግ ነገዶችን አማክሩ ይላል። ማስታወቂያ ይላክልኝ ብሎ ለተመዘገበ ነገድ፣ የግንባታ ማመልከቻው ሙሉ በሆነ በ14 ቀን ውስጥ ደብዳቤ ይሄዳል፤ ነገዱ ምክክር እፈልጋለሁ ለማለት 30 ቀን አለው። ያለፈ ቀን አይመለስም። በዚህች ከተማ ስንት ግንባታ እንዳለ አስቢውና ደብዳቤው በአንዲት አዛውንት የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ እንዴት እንደሚከመር ገምቺ። ቁፋሮ ላይ አጽም ከተገኘ ሥራው ይቆማል፣ የአስከሬን መርማሪው ይጠራል። አጽሙ የነባር ሕዝብ ከሆነ በ24 ሰዓት ውስጥ የነባር አሜሪካውያን ቅርስ ኮሚሽን ይነገረዋል፣ ኮሚሽኑ የቅርብ ዘር ናቸው የሚላቸውን ሰው ይሰይማል። የተሰየሙት ሰው ቦታውን እንዲያዩ ከተፈቀደላቸው በኋላ ምክረ ሐሳብ ለመስጠት ያላቸው 48 ሰዓት ብቻ ነው። ጠዋት ክፍል ውስጥ ቃል የሚያስተምሩት ሰው ከሰዓት በኋላ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ሊቆሙ ይችላሉ። በመጨረሻ ሰዓት ቀጠሮ ከሰረዙባችሁ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይሄ ነው፤ ተለዋጭ ቀን ያዙ።

ስማቸው በአደባባይ የሚታወቅ ሰዎች ከፈለግሽ፦ ባርባራ ድሬክ ስለ ነባር ዕፅዋትና ምግብ ያስተማሩ ነበሩ፣ አፕላንድ ውስጥ የቶንግቫ ሕያው ታሪክ የአትክልት ስፍራ የእሳቸው ሥራ ነው። ጁሊያ ቦጋኒ በትምህርት ቤቶችና በክሌርሞንት ኮሌጆች አስተምረዋል። ሁለቱም ዐርፈዋል፣ በ2020 እና በ2021። ሲንዲ አልቪትሬ ደግሞ ቲአት የሚባለው በገመድ የተሰፋና በዝፍት የተደፈነ የጣውላ ታንኳ እንደገና ባሕር ላይ እንዲወጣ ካደረጉት መካከል ናቸው። ልጆች የሚሄዱበት ቦታ ካስፈለገ በዌስት ሎስ አንጀለስ፣ "ዩኒቨርሲቲ ሃይ ስኩል" በሚባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ ያለው የኩሩቩንግና ምንጭ አለ፤ የሚከፈትበትን ቀን አስቀድማችሁ ጠይቁ። መሬትን በተመለከተ፣ በ2022 አልታዲና ውስጥ አንድ ኤከር ለአንድ የቶንግቫ ማኅበር ተመልሷል። የጃንዋሪ 2025ቱ የኢተን እሳት እዚያም ደርሷል።

ክፍያ፦ መጠኑን እሳቸውን ጠይቂ፣ አትከራከሪ። ዋናው ችግር መጠኑ ሳይሆን መዘግየቱ ነው። ደብሊው-9 የሚባለውን የግብር ቅጽና የአቅራቢነት ምዝገባውን አሁኑኑ አስጀምሪ፤ ሳምንታት ይፈጃል። የጣት አሻራ ምርመራ ግዴታ እንደሆነ ቢሮውን ጠይቂና ወጪውን ትምህርት ቤቱ ይሸፍን። ቼኩ በዕለቱ በፖስታ ይሰጣቸው። ረዳት ይዘው ከመጡ ረዳቱም ለብቻው ይከፈለዋል። መኪና ማቆሚያ ከክፍሉ አጠገብ ያዢላቸው፣ ሙቀጫና ድንጋይ ተሸክመው አንድ ኪሎ ሜትር እንዳይሄዱ። 50ውን ልጅ ለሁለት ክፈዪው፣ በመካከሉ 20 ደቂቃ ዕረፍት። "ይህ መሬት የቶንግቫ ነው" የሚል መክፈቻ የምታነቡ ከሆነ አንባቢው ርእሰ መምህሩ ይሁን፤ የእንግዳዋ ሥራ አይደለም።

ሂሩት

አንድ ነገር ቀረኝ። አንዳንድ ቦታ ቶንግቫ ሳይሆን "ኪዝ" ተብሎ አያለሁ። የቱን ልጻፍ?

የወረቀት ሥራ

ከአንድ በላይ ድርጅት አለ፣ በስሙም በውክልናውም አይስማሙም፤ "ኪዝ" የሚለውን አጥብቀው የሚይዙ አሉ። አዛውንቷ ራሳቸውንና ወገናቸውን የሚጠሩበትን ጠይቂ፣ እንዳሉሽ ጻፊ። በዚህ ጉዳይ ፈራጅ ሆነሽ ለወላጆች አታብራሪ።

ሙቀጫ

ልረሳው ነበር፤ የባሉጥ ፍሬ ከዛፍ ለውዞች ወገን ስለሆነ አለርጂ ያለበትን ልጅ ከወላጆች ፈቃድ ጋር አስቀድመሽ አጣሪ፣ ትምህርት ቤቱም ያለ ወረቀት አያስቀምስሽም። የታጠበ ዱቄት ከተረፈ ጨምቀሽ በትንንሽ ከረጢት ማቀዝቀዣው በረዶ ክፍል አስገቢው። በተራው ማቀዝቀዣ ከሦስትና አራት ቀን በላይ አይቆይም፣ ይኮመጥጣል።